31 ገጽ በአራት ዓመት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 42 ነው። የምኖረው በዋሽንግተን ግዛት፣ በቤልቪው ከተማ ሲሆን በአንድ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ውስጥ ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ሆኜ ከ100 በላይ ሠራተኞች ያሉበትን ፕሮጀክት እመራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ጀምሮ በአማርኛ ተውኔት እጽፋለሁ፤ አንድ አጭር ሥራዬም ከዓመታት በፊት እዚሁ በማኅበረሰባችን አዳራሽ ለሁለት ምሽት ታይቷል። ሁለተኛውን የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት፣ 34 ባልደረቦቼን በቪዲዮ ስብሰባ ካሰናበትኩ በኋላ ነው፤ ታሪኩም ስለዚያ ዓይነት ቀን ነው። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ እስከ ዛሬ ያለኝ ግን 31 ገጽ ብቻ ነው። ባለቤቴ ይታገሠኛል። እናቴ ግን በደወልኩላት ቁጥር ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም› ትለኛለች። ሥራዬን ልልቀቅ? ወይስ ተውኔቱን ልተወው? ሁለቱን አስማምቶ መኖር የሚቻል ከሆነስ እንዴት?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት «ልጆቼ ከተኙ በኋላ» የምትለው ሐረግ ላይ ነው። ሥራዎን ይልቀቁ ወይስ ተውኔቱን ይተዉ የሚለው ጥያቄ ከባድ መስሎ ቢታይም መልሱ ብዙ አላስቸገረኝም፤ ሥራዎን አይልቀቁ፣ ተውኔቱንም አይተዉት። ያስቸገረኝ በሙያዎ መቶ ሰው በጊዜ ገደብ ማሠራት የሚያውቁ፣ አራት ዓመት ሙሉም በየምሽቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሴት ለምን 31 ገጽ ላይ እንደቆሙ መረዳቱ ነበር። አንድ የተውኔት ገጽ በመድረክ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል በሚለው የተለመደ ስሌት ከሄድን በእጅዎ ያለው የግማሽ ሰዓት ቴአትር ነው፤ በዓመት ስምንት ገጽ እንኳ አልሞላም። ይህን ያህል ዝግመት በስንፍና አይመጣም፤ ሰነፍ ሰው አራት ዓመት አይቀመጥም።

እኔ እንደምገምተው የጎደለዎት ሰዓት ሳይሆን ትክክለኛው ሰዓት ነው። ቀን ሒሳብ ሲሠራ ወይም መኪና ሲነዳ የዋለ ሰው ማታ ብዕር ቢያነሣ የሚቀዳው ቀኑን ሙሉ ካልተነካ ምንጭ ነው። የእርስዎ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የጌም ፕሮዲውሰር ቀኑን የሚያሳልፈው ሌሎች የጻፉትንና የሠሩትን ሲያይ፣ «ይህ ትዕይንት ይረዝማል፣ ይህ ገጸ ባሕርይ ይውጣ፣ ይህ ክፍል በዚህ በጀት አይሠራም» እያለ ሲያስቆርጥ፣ በአጭሩ ሲፈርድ ነው። ማታ ወደ ጽሑፍዎ ሲመለሱ ያ ዳኛ አብሮዎት ይቀመጣልና ገና ያልተወለደችውን ቃለ ተውኔት በጀቷን ጠይቆ ያሰናብታታል። በአራት ዓመት ውስጥ የጻፉት 31 ገጽ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ምናልባት 300 ጽፈው 269ኙን ሰርዘው ይሆናል።

አሁን ወደ እናትዎ አባባል እንምጣ። እናትዎ እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም ተረቱ የሚከለክለው ሁለቱን ዛፎች በአንድ ጊዜ መውጣትን እንጂ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው መሄድን አይደለም። ተረቱ በተነገረበት አገርም ክረምቱን ሲያርስ ከርሞ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ በጋውን ሸማ የሚሠራ ሰው ብርቅ አልነበረም። ይህ ሰው ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ በኩራዝ ለመሸመን አይሞክርም፤ ቢሞክር ማሳውም ጥበቡም በተበላሸበት ነበር። እርስዎ አራት ዓመት ሲሞክሩት የኖሩት ግን ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምክሬ ዕለቱን ለሁለት መክፈልን ትተው ዓመቱን፣ ከተቻለም የፕሮጀክቱን ሙሉ ዕድሜ፣ ለሁለት እንዲከፍሉ ነው።

ሙያዎ ለዚህ ከብዙ ሙያዎች ይልቅ ይመቻል፤ እንደ እርሻ የራሱ ወቅቶች አሉትና። አንድ ትልቅ ጌም ከሐሳብ እስከ ገበያ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በቅድመ ዝግጅቱ ምዕራፍ ቡድኑ ትንሽ ነው፤ የሚሠራው ሙከራ ስለሆነም ነገሩ ቢዘገይ የሚናደድ ሰው ጥቂት ነው። ሙሉ ምርት ሲጀመር ቡድኑ ይሰፋል፤ «አልፋ» እና «ቤታ» የሚባሉት የጌሙ የሙከራ ቅጂ ደረጃዎች ሲቃረቡ ስብሰባ ስብሰባን ይወልዳል። መጨረሻ ላይ ጌሙ እንደ ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ ላሉት የኮንሶል (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ባለቤቶች ለፍተሻ ሲላክ አንድ ከባድ ስህተት ተገኝቶ ቢመለስ የሚወጣበት ቀን ሊዛባ ስለሚችል፣ የፕሮዲውሰሯ አእምሮ ለሌላ ለምንም ነገር ክፍት አይሆንም። ለገና ገበያ የታሰበ ጌም አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚወጣ ከዚያ በፊት ያሉት የበጋ ወራት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እናንተ «ክራንች» የምትሉት የጭንቅ ጊዜ ናቸው። በመጋቢት በሳን ፍራንሲስኮ የሚካሄደው የጌም አልሚዎች ጉባኤና በነሐሴ በጀርመኗ ኮሎኝ የሚካሄደው ጌምስኮም ደግሞ ከፊታቸው ያሉትን ሳምንታት እንደሚበሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩና የተረፈውን ይመልከቱ። ጌሙ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹ ማስተካከያዎች ከተለቀቁ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ፣ ቀጥሎም የሚቀጥለው ፕሮጀክት ቅድመ ዝግጅት፣ የእርስዎ የሽመና ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልጆቹ ከመንቃታቸው በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ተኩል ይውሰዱ። ጠዋት የምልበት ምክንያት ማለዳ ለመንፈስ ይስማማል ከሚለው የተለመደ ወሬ የመጣ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ያ የቀኑ ዳኛ ገና ከእንቅልፉ ስላልነቃ ነው። በአንድ መቀመጫ አንድ ገጽ ቢወጣ በ20 ሳምንት 60 ገጽ ይሆናል፤ ካለዎት 31 ጋር ሲደመር የአንድ ሰዓት ተኩል ቴአትር ረቂቅ ማለት ነው። ረቂቁ መጥፎ ይሆናል፤ ይሁን። እርስዎ በሥራዎ ግራጫ ሣጥኖች ብቻ የሚታዩበትን፣ ሥዕልም ድምፅም የሌለውን የመጀመሪያ ሙከራ አይተው «ይህ አስቀያሚ ነው» ብለው ቡድኑን አልበተኑም፤ ለራስዎ ጽሑፍም ያንኑ ትዕግሥት ይስጡት።

በክራንች ወራት ደግሞ ጨርሶ አይጻፉ። ይህን የምለው አዝኜልዎ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የሚጻፈው ነገር ኋላ ላይ ሲነበብ የሚሸተው ድካም ድካም ነው። ትንሽ የግል ደብተር ይያዙና አንድ ሰው ሊናገር ጀምሮ የዋጠውን ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት ሴት ከስብሰባ ስትወጣ ቦርሳዋን የያዘችበትን ሁኔታ፣ እንዲህ ያለውን ብቻ ያስፍሩ። የድርጅቱን ምስጢር ግን በዚያ ደብተር ላይ አያስገቡ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«የእኛ ጌም አያልቅም» ይሉኝ እንደሆነ ብዬ እሰጋለሁ። ገበያ ከገቡ በኋላም በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ነገር እየተጨመረባቸው ለዓመታት የሚቆዩ ጌሞች አሉና የእርስዎም ከእነዚያ አንዱ ከሆነ ወቅቱ በራሱ አይመጣልዎትም። ያን ጊዜ ወቅቱን መሥራት ግድ ይሆናል፤ ይኸውም በዓመት ሁለት ወር ያህል ምክትልዎ ኃላፊነቱን እንዲሸከሙ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ የእረፍት ቀናትንም አጠራቅሞ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። እርስዎ አለቃ በመሆንዎ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ በሥርዎ ያለው ወጣት ፕሮግራመርም ምናልባት ማታ ማታ ልብ ወለድ ይጽፍ ይሆናል፣ እሱ ግን አይችልም። የእርስዎ የጽሕፈት ጠዋት በእሱ የቅዳሜ ሥራ የሚከፈል ከሆነ ቀድሞውኑ ይቅርብዎ።

ሥራዎን አይልቀቁ ያልኩበትን ምክንያት ደግሞ በቁጥር ላስረዳ። በአሜሪካ የጸሐፌ ተውኔት ድርሻ ብዙ ጊዜ ከትኬት ገቢ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። 80 መቀመጫ ያለው አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ለ12 ምሽት ሙሉ በሙሉ ቢሞላና ትኬቱ 25 ዶላር ቢሆን ጠቅላላ ገቢው 24,000 ዶላር ነው፤ ድርሻዎ 7 በመቶ ቢሆን እንኳ የሚደርስዎ 1,680 ዶላር ብቻ ነው። ያውም በአማርኛ ለተጻፈ ሥራ 12 ምሽት የሚሞላ አዳራሽ በአሜሪካ ማግኘት ራሱን የቻለ ተአምር ነው። ስማቸው የታወቀ አሜሪካውያን ጸሐፌ ተውኔቶች እንኳ ብዙዎቹ በማስተማር ወይም ለቴሌቪዥን በመጻፍ ይኖራሉ። የልጆችዎ የጤና መድን ከደመወዝዎ ጋር በተሳሰረበት አገር ይህን ሒሳብ መርሳት ጀግንነት ሊባል አይችልም።

ሆኖም እርስዎ ሥራውን ባይለቁትም ሥራው ሊለቅዎ እንደሚችል አይዘንጉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ የጌም ሠራተኞች ከሥራ መቀነሳቸው በሰፊው ተዘግቧል፤ በጥር 2024 ደግሞ ማይክሮሶፍት ብቻውን ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው እንደሚቀንስ አስታውቋል። ለእርስዎ ይህ ዜና አይደለም፤ የስንብቱን ስም ዝርዝር ይዘው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። ያ ቀን ከመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሥራ ማመልከቻ ብቻ ሲጽፉ እንዳይውሉ ይረዳዎታል፤ ካልመጣም የሚጎዳዎት ነገር የለም።

ሁለት ኑሮ መኖር ለአማርኛ ተውኔት እንግዳ ነገር እንዳልሆነም ላስታውስዎ፤ እንዲያውም የተወለደው በሹማምንት ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ የሚባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው የተመለሱ የመንግሥት ሰው ነበሩ፤ አውሬዎች እየተናገሩ አስተዳደሩን የሚተቹበት «ፋቡላ» ቢታገድባቸውም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው ስለ አፄ ቴዎድሮስ ተውኔት ጽፈዋል። ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ልብ ወለድም ተውኔትም ጽፈዋል። መንግሥቱ ለማም በሕንድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ዛሬም ሳነባቸው የሚያስቁኝ እሳቸው ናቸው። ቴአትሩን ራሱን እንጀራቸው ያደረጉትም ከቢሮ አላመለጡም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር በኃላፊነት መርተዋል፤ ኃላፊነት ባለበት ሁሉ ደግሞ በጀት፣ ደብዳቤና አቤቱታ አይጠፋም። ሥራ ለቅቀው ወደ ቴአትር ዓለም ቢገቡ የሚጠብቅዎት ንጹሕ የጽሕፈት ክፍል እንደማይሆን ከዚህ መገመት ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ከሹም ደራሲዎች ታሪክ የምወስደው ማስጠንቀቂያም አለ። ለሹም «ይህ ገቢር ይንዛዛል» ብሎ የሚነግረው ማን ነው? የአለቃ ጽሑፍ ትልቁ ጠላቱ ጭብጨባ ነው። ስለዚህ ረቂቅዎን በሥርዎ ለሚሠራ ለማንም ሰው አያስነብቡ፤ ቅርበትዎ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሰውየው ምንም ያህል አማርኛ ቢያውቅ። ደመወዙን የሚወስኑለት ሰው እንዲፈርድብዎ መጠየቅ ለእሱ ሸክም፣ ለእርስዎም ከንቱ ነው።

ደግነቱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከሥራዎ ማምጣት ይችላሉ፤ ከሥራዎ ወደ ተውኔትዎ እንዲሻገር የምፈቅድልዎ ብቸኛው ነገርም ይኸው ነው። «ፕሌይቴስት» በምትሉት ሙከራ ላይ ባለሙያዋ ከተጫዋቹ ኋላ ተቀምጣ፣ ሳትረዳው፣ ሳትገልጽለት፣ «እዚያ ጋ እኮ በሩ አለ» ሳትለው፣ የት እንደተደናገረና የት እንደሰለቸ ብቻ ትመዘግባለች። አማርኛ በወጉ የሚያነብቡ አራት ሰዎችን ቤትዎ ይጋብዙ፤ ቡና ይፈላ፤ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እርስዎ ከጥግ ተቀምጠው ዝም ይበሉ። ማን የት ገጽ ላይ ስልኩን አየ? ሳል የበዛው የትኛው ቃለ ተውኔት ላይ ነው? አንባቢው የተሰናከለበት ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ሲያበቁም «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ የሐበሻ እንግዳ ቡናዎን ጠጥቶ አልወደድኩትም አይልዎትም። «ሴትዮዋ ለምን በሩን ሳትዘጋ የወጣች ይመስላችኋል?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ። መልሳቸው ከእርስዎ ሐሳብ ሲርቅ የተጻፈው ነገር የት እንዳልደረሰ ያያሉ።

እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ሙያዎች የሚለያዩበትን ቦታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጌም ውስጥ ተጫዋቹ ከጠፋ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ምልክት ትጨምራላችሁ፣ መንገዱን ታበራላችሁ። በቴአትር ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ታስሮ፣ ማቆሚያም መመለሻም ሳይኖረው ይቀመጣልና ጥቂት ቢጠፋ መልካም ነው፤ የሚቀጥለውን ትዕይንት የሚጠብቀው ስለጠፋው ነገር ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ ያያያዙትን ትዕይንት አንብቤዋለሁ። ኃላፊዋ ስሞቹን ከማንበቧ በፊት የምትናገረው የአንድ ገጽ ተኩል ንግግር ለተመልካች የተቀመጠ የመንገድ ምልክት ነው፤ ያውጡት። ስሞቹን ታንብብ፤ በቃ።

በሁለቱ ዓለም መመላለስ የሚቻል መሆኑን ከፈለጉ ምሳሌው ከደጅዎ አለ። እንግሊዛዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ሉሲ ፕሬብል፣ እርስዎ በሚኖሩባት በቤልቪው የሚገኘው በንጂ የተባለ ድርጅት ለሠራው «ዴስቲኒ» ለተባለው ጌም ትዕይንቶችን ጽፋለች፤ ኬን ሌቪን የሚባለው ታዋቂ የጌም ፈጣሪም በኮሌጅ የተማረው ድራማ ነው። ነገር ግን እሷ ወደ ጌም የመጣችው በጸሐፊነት፣ እሱ ደግሞ በጌም ንድፍ ባለሙያነት ወንበር ነው። እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ሌላ ስለሆነ የእነሱን መንገድ እንዳለ ይከተሉ አልልም።

አሁን ወደ ደረቁ ጉዳይ፤ ደረቅ ቢሆንም ችላ ካሉት ተውኔቱን ሊያሳጣዎ ስለሚችል በጥሞና ያንብቡት። በአሜሪካ ቴአትር የተውኔቱ ባለቤት ጸሐፊዋ ናት፤ አዘጋጁም ሆነ ተዋናዩ ያለ ፈቃዷ ቃሏን እንዳይለውጥ የሙያው ልማድ ያስገድዳል። በጌም ዓለም ግን የተጻፈው ሁሉ የድርጅቱ ነው። እርስዎ በሁለቱ መካከል ስለቆሙ ድንበሩ በግልጽ መሰመር አለበት። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ክፍል 49.44.140 እንደሚለው፣ ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ በራሱ ጊዜ፣ የአሠሪውን ዕቃ፣ ቦታና የንግድ ምስጢር ሳይጠቀም ያፈለቀውን ፈጠራ አሠሪው በቅጥር ውል ሊወስድበት አይችልም፤ ፈጠራው ከአሠሪው የንግድ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ወይም ለአሠሪው ከተሠራ ሥራ የመነጨ ከሆነ ግን ጥበቃው ይቀራል። የፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ በበኩሉ ሠራተኛ በሥራ ድርሻው ውስጥ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ለአሠሪው ይሰጣል። የጫማ ፋብሪካ ኃላፊ ብትሆኑ ኖሮ ይህ ብዙም ባላሳሰበኝ ነበር፤ የእርስዎ አሠሪ ግን ገጸ ባሕርይና ታሪክ የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ አንድ ጠበቃ «ተውኔቱም ከንግዳችን ጋር ይያያዛል» ለማለት ቢፈልግ መነሻ አያጣም።

ስለዚህ የቅጥር ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። ብዙ ውሎች ሠራተኛው ከዚያ በፊት የጀመራቸውን የግል ሥራዎች የሚዘረዝርበት አባሪ አላቸው፤ የመጀመሪያው ተውኔትዎ እዚያ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ ይመልከቱ። ለሁለተኛው የድርጅቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለቃዎ በኮሪደር ላይ «ምን ችግር አለው» ማለታቸው ፈቃድ አይባልም። ከዛሬ ጀምሮ ጽሑፉ በድርጅቱ ላፕቶፕ፣ በድርጅቱ ኢሜይል ወይም ድርጅቱ በሚከፍልበት ማናቸውም ሶፍትዌር ላይ አይቀመጥ። ግዛቱ አሠሪዎች ሠራተኛን ተጨማሪ ሥራ እንዳይከለክሉ የሚገድብ ሕግም አለው፤ ግን የሚጠብቀው ከዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ሁለት እጥፍ በታች የሚያገኙትን ስለሆነ ለእርስዎ አይደርስዎትም። በቅጥር ሕግ ላይ ለሚሠራ ጠበቃ የአንድ ሰዓት ክፍያ መክፈል ከዚህ ሁሉ ምክሬ ይበልጣል።

የተውኔቱ ጉዳይ ራሱ ደግሞ ከሕጉም በላይ ያሳስበኛል። የ34 ሰዎች ስንብት የእርስዎ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በዚያ ስብሰባ ላይ 34 ሰው በካሜራ ፊት ፊቱን ለመቆጣጠር ታግሏል። የአንዳቸውም ቃል፣ የአንዳቸውም ልጅ ሕመም፣ የአንዳቸውም ዕንባ በቀጥታ ወደ መድረክ አይውጣ። ቦታውን ይለውጡ፤ ለምሳሌ የጌም ድርጅቱ የጨርቅ ፋብሪካ ወይም ሆቴል ቢሆን ታሪኩ የሚጎድለው ምንድን ነው? እንደ እኔ ምንም አይጎድለውም፤ የአማርኛ ተመልካችም ፋብሪካን ከስቱዲዮ ይበልጥ ያውቃል።

በተረፈ ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ጥርጣሬ አድሮብኛል፤ ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ተውኔት አራት ዓመት ያስረዘመው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በውስጡ ለእነዚያ ሰዎች ሊሉት ፈልገው ያላሉት ነገር ያለ ይመስለኛል። ካለ ስልክ አንስተው ይንገሯቸው። ሁሉም አያነሡልዎትም፤ አንዳንዱ ይቆጣል። የሕግ ክፍሉ ምን ማለት እንደሚፈቀድ ቢነግርዎም «እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ያን ቀን እንደዚያ ስላደረግኩት አዝናለሁ» ማለትን የሚከለክል ውል አላየሁም። መድረክ ላይ የተነገረ ይቅርታ አጨብጫቢ እንጂ ተቀባይ የለውም። ያን ስልክ ከደወሉ በኋላ ኃላፊዋን ገጸ ባሕርይ ጥፋተኛ ሆና ለመጻፍ ነፃ ይሆናሉ፤ አሁን ግን በእያንዳንዱ ትዕይንት ጠበቃ ሆነው ሲከራከሩላት አያለሁ።

ስለ መድረኩ ጥቂት ልበልና ላብቃ። በሲያትል እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ «14/48» የሚባል ፌስቲቫል አለ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ 14 አጫጭር ተውኔቶች ተጽፈው፣ ልምምድ ተደርጎባቸው ይታያሉ። ሲካሄድ ካገኙት ሄደው ይመልከቱት። ጸሐፊዎቹ በአንድ ሌሊት የሚጽፉት በውስጣቸው ያለው ዳኛ ለመንቃት ጊዜ ስለማያገኝ ነው፤ ያንኑ ከሁለት ወዳጆችዎ ጋር በሳሎንዎ መሞከር ይችላሉ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋሙት ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል በስደት አገር የአማርኛ ቴአትር ሲያሳይ የቆየ በመሆኑ መጀመሪያ የምጽፍለት በር እሱ ነው። በሦስት ወይም በአራት ተዋናይ የሚሠራ፣ ዕቃው በሁለት ሻንጣ የሚጓዝ ያድርጉት፤ ይህን በጀት መሥራት ለእርስዎ አላስተምርም።

ለባለቤትዎ የሽመናው ወራት መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ቀኑን ቆርጠው ይንገሯቸው። አራት ዓመት የታገሡት መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው፤ መጨረሻው የታወቀ 20 ሳምንት ከዚያ ይቀልላቸዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘው ወጣ የሚሉበትንም ቀን እሳቸው ራሳቸው ይመርጣሉ።

እናትዎን በሚቀጥለው እሑድ ሲደውሉላቸው ስለ ዛፉ አይከራከሯቸው። ኃላፊዋ ስሞቹን የምታነብበትን ትዕይንት፣ ያ ንግግር ከወጣለት በኋላ፣ በስልክ ያንብቡላቸው። ሳይገልጹ፣ መሐል ላይ «ይሰማሻል?» ሳይሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡና ዝም ያሉበትን ገጽ ምልክት ያድርጉበት።